የብላክስቶክ መንገድ ግራና ቀኝ

ሰሜን ለንደን ውስጥ ብላክስቶክ ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ረጅም አይደለም። ከፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ይነሳና ወደ ሀይበሪ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው። የአልጄሪያውያን ቡና ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ስልክ የሚጠግኑ ጠባብ ሱቆች ተደርድረዋል። ቡና ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ወንዶች ቆመው ያወራሉ። አውቶቡስ አንዴ ከቆመ መንገዱ በሙሉ ይቆማል። ማዶ ያለን ሰው ለመጥራት ድምፅን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

በዚህ መንገድ ላይ ድንበር ያልፋል። አጥር የለውም፣ ቀለም አልተቀባም፣ ምልክት የሚባል ነገር ብዙ አይታይም። በስተምዕራብ ያለው ኢዝሊንግተን የሚባለው የለንደን ክፍለ ከተማ ነው። በስተምሥራቅ ያለው የሀክኒ። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ይለያያል። ግብር የሚሰበስበው ካውንስል፣ ማለትም የሰፈሩ አስተዳደር፣ ይለያያል። ፓርላማ ገብቶ ስለ ሰፈሩ የሚናገረው ሰውም ይለያያል።

ለዓመታት ስመላለስበት ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ያስተዋልኩት በአንዲት እናት ምክንያት ነው።

እማማ እላቸዋለሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው ከቦርሳቸው ፌስታል አወጡ። ውስጡ ደብዳቤ ብቻ ነው። ሁሉም እንደ አመጣጡ ታጥፎ ተቀምጧል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ያጽፋሉ፣ መልስ የለም። ያስደውላሉ፣ ጠብቁ ይባላሉ።

«ልጄ፣ እስቲ እዚያ የፓርላማው ሰውዬ ጋ ውሰደኝ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ እሱ ጋ ሄዶ ነው የሚያልቅለት ይሉኛል።»

እዚህ አገር የፓርላማ አባል በምርጫ ክልሉ ሕዝብ የሚቀበልበት ሰዓት አለው። ሰርጀሪ ይሉታል። የሰፈር ሐኪም ያለበትን ክሊኒክ የሚጠሩትም በዚሁ ቃል ነው። እውነትም ይመሳሰላል። ሕመምህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ።

ቦታው ተራ አዳራሽ ነው። የፕላስቲክ ወንበር አለ። አንድ ጥግ ላይ የሕፃናት መጫወቻ ተከምሯል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወረቀት ይዟል። አንዲት ወጣት እናት የመኝታ ቤቷን ሻጋታ በስልኳ ፎቶ አንስታ መጥታለች፤ አጠገቧ ለተቀመጠው ሁሉ ታሳያለች። አንድ ሰውዬ በጉልበቱ ላይ ወፍራም ፋይል አድርጎ አይኑን ጨፍኗል።

ተራችን ደረሰ። የተቀበለችን ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችው የፖስታ ኮድ ነው። እማማ በቃላቸው ያውቁታል። ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገሯት። ኮምፒውተሯ ላይ መታችውና ቀና አለች።

«ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ ያሉት ሀክኒ ነው። የእርስዎ የፓርላማ አባል ሌላ ነው።»

ተረጎምኩላቸው። እማማ ግራ ገባቸው። «ኧረ እዚሁ ነኝ! ቤቴ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው። መስኮቴ ይታያል በላት» አሉኝ።

ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳችን። አንድ የፓርላማ አባል የሌላውን ክልል ነዋሪ ጉዳይ አይዝም። በፓርላማው አጥብቀው የሚጠብቁት ልማድ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማን ለማን እንደሚጠየቅ እንዳይምታታ። የማዶውን ቢሮ አድራሻ በወረቀት ጻፈችልንና እስከ በር ሸኘችን።

በሳምንቱ ወደዚያኛው ሄድን። እማማ መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ። ልንደርስ ስንል ቆሙ። «መርጠሽኛል ወይ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እኔ እኮ እዚህ አገር መርጬ አላውቅም።»

ማንም አልጠየቃቸውም። የተጠየቁት የት እንደሚኖሩና ምን እንደደረሰባቸው ነው። ፌስታሉ ተከፈተ፤ ደብዳቤዎቹ ኮፒ ተደረጉ። ጉዳያቸው ለያዘው መሥሪያ ቤት በፓርላማ አባል ስም ደብዳቤ ተጻፈ። ከስድስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ጥሩ መልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ መስመር ማንበብ የጀመርኩት። ማን አሰመረው? ምን ቆጥሮ ነው ያሰመረው? ደግሞስ እማማ በየትኛው ቁጥር ውስጥ አሉ?

እኔ የምኖረው በምዕራቡ በኩል ነው። ክልሌ ኢዝሊንግተን ኖርዝ ይባላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) ክልሉ የተመሠረተው በ1885 ነው። ስፋቱ ሰባት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። እስከ 2024 ድረስ በአገሪቱ በስፋት ትንሹ የምርጫ ክልል ይህ ነበር። ከጫፍ ጫፍ በእግር ለመሄድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በሕጉ አንድ ክልል እስከ 13,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ የስኮትላንድ ተራሮች ውስጥ በጣም ሰፊ የሆኑ አሉ። እዚያ ያለው የፓርላማ አባል መራጩን ለማየት ቀኑን ሙሉ መኪና ይነዳል። የኛው በብስክሌት ይደርሳል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ሰፈር በሌላ ስም ያውቀዋል። አርሰናል! ኤምሬትስ ስታዲየም ያለው እዚህ ክልል ውስጥ ነው። አሮጌው የሀይበሪ ሜዳም እዚሁ ነበር፤ አሁን የመኖሪያ አፓርታማ ሆኗል። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሀይበሪን ስም ከኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ለእሱ አንድ የምርጫ ክልል ምን ያህል ሰው እንደሆነ ሳስረዳው ስታዲየሙን ነው የተጠቀምኩት። ኤምሬትስ ሲሞላ 60,700 ያህል ሰው ይይዛል። ስታዲየሙን ሙላው፤ ከውጭ ትኬት ያጣ ሌላ 12,000 ሰው ጨምርበት። አንድ የፓርላማ መቀመጫ ይህን ያህል መራጭ ነው።

ሰዉ ግን እንደ ደጋፊ አንድ ዓይነት ማሊያ አልለበሰም። ሀይበሪ ፊልድስ የሚባለው መስክ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ዋጋ ለመስማት ይከብዳል። ከዚያ ጥቂት ሄድ ስትል አንዶቨር የሚባለው ትልቅ የካውንስል መኖሪያ አለ። የፊንስበሪ ፓርክ መስጊድ አለ። የኛ ሰው አለ፣ ኤርትራዊ አለ፣ ሶማሌ አለ፣ ቱርክ አለ፣ አየርላንዳዊ አለ፣ ካሪቢያን አለ። በሰኔ 2017 አንድ ሰው ከተራዊሕ ሰላት በሚወጡ ሙስሊሞች ላይ ቫን ነድቶ ሰው የሞተው እዚሁ ሰቨን ሲስተርስ ሮድ አጠገብ ነው። የዚያን ሰሞን ቄሱም፣ ረቢውም፣ ኢማሙም አብረው ቆመው አይቻለሁ። ሰፈሩ ጠባብ ስለሆነ ሐዘኑም ከደጅህ ነው የሚጀምረው።

ድንበሩ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አያይም። የሚያየው ቁጥር ነው።

መስመሩን የሚያሰምረው የወሰን ኮሚሽን የሚባል ከፓርቲ ነጻ የሆነ አካል ነው። ኢንግላንድ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ለየራሳቸው አንድ አንድ አላቸው። በ2020 የወጣው ሕግ የመቀመጫውን ቁጥር 650 አድርጎ ቆረጠ። ከዚያም እያንዳንዱ ክልል ከ69,724 ያላነሰ፣ ከ77,062 ያልበለጠ መራጭ ይኑረው አለ። ማዕከሉ 73,393 ነው። ከዚህ የሚወጡት አምስት የደሴት ክልሎችና ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነበር። የዋይት ደሴት ከ110,000 በላይ መራጭ ይዞ አንድ ሰው ይልክ ነበር። የስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች በ21,000 ገደማ መራጭ አንድ ሰው ይልካሉ። አሁን ዋይት ለሁለት ተከፍሏል፤ የስኮትላንዱ እንደነበረ እንዲቆይ ሕጉ ፈቅዶለታል።

ይህ ቁጥር ሲተገበር ሰፈር ይነቀንቃል። ዌልስ ከ40 መቀመጫ ወደ 32 ወረደች። ለንደን ከ73 ወደ 75 ወጣች። የኔ ክልል ድንበሩ አልተነካም ማለት ይቻላል። ጎረቤታችን ኢዝሊንግተን ሳውዝ ግን ሰው አነሰው። ስለዚህ ደ ቦቮር የሚባለው ሰፈር ከሀክኒ ተቆርሶ ተሰጠው። የደ ቦቮር ሰው ዛሬም ግብሩን ለሀክኒ ካውንስል ይከፍላል። የፓርላማ ተወካዩ ግን የኢዝሊንግተን ሳውዟ ናት። ስትራትፎርድና ቦው ደግሞ በወንዝ የተለያዩ የሁለት ካውንስል ሰፈሮች ናቸው፤ አሁን አንድ ክልል ሆነዋል።

እኔን የገረመኝ አሠራሩ ነው። ረቂቁ በሰኔ 2021 ለሕዝብ ወጣ። ሰው እንዲጽፍ ጊዜ ተሰጠው። ቀጥሎ ሰው እየቆመ የሚናገርበት ስብሰባ ተደረገ። ሰዉም ጻፈ፣ ተናገረም። «ይህ መስመር ልጆቻችን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ከሰፈሩ ይለየዋል» የሚል አለ። «የሰፈራችን ስም ከክልሉ ስም ላይ ለምን ጠፋ» የሚል አለ። ረቂቁ ተስተካክሎ ወጣ፣ እንደገና አስተያየት ተጠየቀበት። የመጨረሻው በሰኔ 2023 ታወጀ። ከዚህ በኋላ ፓርላማው ድምፅ ሰጥቶ ሊጥለው አይችልም። ምክንያቱ መራራ ልምድ ነው። በ2013ና በ2018 የተሠሩት ክለሳዎች ፖለቲከኞቹ ሳይስማሙ ከንቱ ቀርተዋል። በዚህ የተነሳ የኢንግላንድ ሕዝብ እስከ 2019 ምርጫ ድረስ የመረጠው በ2000 የመራጮች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በተሰመረ ድንበር ነው። ይህን የምጽፈው ፈረንጅ ሁሉን አስተካክሎ ይሠራል የሚል ወገን ስላለን ነው። እነሱም ሃያ ዓመት ገደማ ባለፈበት ቁጥር ሲመርጡ ነበር።

ወደ ኋላ ሄደህ ስታይማ የባሰ ነው። ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ሁለት ተወካይ ለፓርላማ ይልክ ነበር። የፋብሪካ ከተማዋ ማንቸስተር በዚያው ዘመን የራሷ አንድም ተወካይ አልነበራትም። ይህ የተሻረው በ1832 ነው። ተሽሮ የተሻለ እስኪሆን ደግሞ መቶ ዓመት ፈጀ።

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። 73,393 ሲባል የሚቆጠረው ነዋሪ አይደለም። በመራጮች መዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ነው። በ2021 ቆጠራ የኢዝሊንግተን ሕዝብ 216,600 ገደማ ነበር። በሁለት ክልል ብታካፍለው አንዱ ከ100,000 በላይ ሰው ይደርሰዋል። መዝገቡ ላይ ያለው ግን 70,000 ጥቂት አለፍ የሚል ነው። የቀረው የት ገባ? ሕፃናት ናቸው። በየዓመቱ ቤት የሚቀይሩና መመዝገብ የማይደርሳቸው ተከራዮች ናቸው። ዜግነት የሌላቸው ስደተኞች ናቸው። እንደ እማማ ያሉ ናቸው። ተከራይና ስደተኛ የበዛበት የለንደን ሰፈር ተወካይ፣ ቤቱ የራሱ የሆነ ሽማግሌ ከሚበዛበት የገጠር ክልል ተወካይ የበለጠ ሰው ደጁ ላይ ይቆማል። መስመሩ ሲሰመር ግን ሁለቱ እኩል ናቸው ይባላል።

እዚህ ላይ የእንግሊዝ ሕግ ለኛ ሰው አንድ የሚያስከፋ ነገር አለው። ለፓርላማ ለመምረጥ የግድ እንግሊዛዊ መሆን አያስፈልግም። የአየርላንድ ዜጋ ይመርጣል። በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የኮመንዌልዝ (አብዛኞቹ ቀድሞ በእንግሊዝ ሥር የነበሩ አገሮች ማኅበር) አገር ዜጋም ይመርጣል። ኬንያዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ ህንዳዊው ፈቃድ አግኝቶ አድራሻ ይዞ ከተመዘገበ ይመርጣል። ሩዋንዳ የእንግሊዝ ቅኝ ሆና አታውቅም፤ በ2009 ኮመንዌልዝ ስለገባች ዜጎቿ ይመርጣሉ። ሞዛምቢክም እንዲሁ። ኢትዮጵያዊ ግን አይመርጥም። ኤርትራዊም አይመርጥም። ሱዳናዊና ሶማሌም እንዲሁ። አሥር ዓመት ግብር ይክፈል፣ ሃያ ዓመት አውቶቡስ ይንዳ፣ ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ከቁጥር ውጭ ነው። ነጻነታችንን ጠብቀን መኖራችን የምኮራበት ነገር ነው። ግን በዚያው ደረጃ ላይ አብሮን የሚኖር ጎረቤት ካርዱን ይዞ ሲሄድ እኛ በር ላይ የምንቀርበት ምክንያት ትክክል ነው ብዬ መቀበል አልቻልኩም። ዜግነት እስካገኘሁ ድረስ እኔም ሰባት ዓመት በዚያ በር ላይ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ እንግሊዝ እማማን አትቆጥራቸውም። ነገር ግን ደጅ ሲጠኑ አትመልሳቸውም። የፓርላማ አባሉ የመረጠውንም ያልመረጠውንም፣ መምረጥ የማይችለውንም ያገለግላል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሳይ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት ይሄዳል።

የኛ ሕገ መንግሥት በዚህ ነገር ከእንግሊዝ ይሻላል። ይህን ስል አውቄ ነው። አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር የሕዝብን ብዛት መሠረት ያደርጋል ይላል። ከ550 አይበልጥም፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 20 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው። ሕዝብ ነው የሚለው። ሕፃኑም፣ ያልተመዘገበውም፣ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገባውም ሕዝብ ነው። አንቀጽ 103 ደግሞ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል፣ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በቆጠራው ውጤት መሠረት ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናል ይላል። በወረቀት ላይ እማማን የሚቆጥረው የኛ ሕግ ነው።

ችግሩ መቁጠሩ ላይ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ራሱ መራጭ ሆኗል። ቆጠራው ግን ቀጠሮ ተይዞ ተራዘመ፣ እንደገና ተይዞ ተራዘመ። መቀመጫው 547 ነው፣ አዲስ አበባ 23 አላት። በ1997 ዓ.ም. ምርጫም 23 ነበረች። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም 23 ናት። በመካከሉ ያለው ከተማ ግን ያው ከተማ አይደለም።

ያደግነው ካዛንቺስ ነው። ቤታችን፣ ዳቦ ቤቱ፣ እኛን ያስተማሩ መምህራን ቤት፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሄደ። ወንድሜ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያለው። አራተኛ ፎቅ። ዕድሩ እንዳይበተን በወር አንዴ ሦስት ታክሲ ቀይሮ ይሄዳል።

አንድ ማታ ደውዬ «የሰፈርህ የምክር ቤት ተወካይ ማን ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «የድሮውን ነው የአሁኑን ነው የምትለኝ ጋሼ?» አለኝ።

«አሁን የምትኖርበትን።»

«እሱን አላውቅም። የድሮውንም በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። ለምን ጠየቅኸኝ?»

ስለ እማማ ነገርኩት። ስለ ፖስታ ኮዱ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ስድስት ሳምንቱ። በጣም ነው ያዳመጠኝ። ከዚያ «እኔም እኮ ደብዳቤ ያለው ፌስታል አለኝ» አለ። «የት ወስጄ እንደምከፍተው ነው ያላወቅኩት።»

ይህን ቃሉን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም። አገር ቤት ሰው ጉዳይ ሲኖረው ወረዳ ይሄዳል። ወረዳ ካልሆነ ክፍለ ከተማ፣ ካልሆነ የሚያውቀው ሰው የሚያውቀው ሰው። ተወካዮች በምክር ቤቱ ዕረፍት ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው ስብሰባ ያደርጋሉ። ጥሩ ነው። ግን ትልቅ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ስለ መንገድና ውሃ መናገር አንድ ነገር ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ፌስታል መክፈት ሌላ ነገር ነው። የኛ ተወካዮች በየክልላቸው ቋሚ ቢሮ፣ የታወቀ ቀንና ደብዳቤ የሚጽፉ ሁለት ሠራተኞች ቢኖሯቸው የስንት ሰው ዓመት ከመንፈቅ ወደ ስድስት ሳምንት ይወርድ ነበር። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አዳራሽ አለን፣ የፕላስቲክ ወንበርም አለን።

ሌላም ነገር አለ። ተወካይ በሰፈር ሲታወቅ ከፓርቲው በላይ የራሱ ስም ይኖረዋል። ጀርሚ ኮርቢን ከ1983 ጀምሮ የኢዝሊንግተን ኖርዝ ተወካይ ነው። የሌበር ፓርቲ መሪ ሆኖ ያውቃል። በ2024 ፓርቲው አላቀርበውም ሲል በግል ተወዳደረ፤ ከፓርቲውም ተባረረ። ክልሉ የሌበር ምሽግ ነው። ሰዉ ግን 24,120 ድምፅ ለሱ፣ 16,873 ለሌበር ዕጩ ሰጠ። በፖለቲካው የማይስማሙ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ «ደብዳቤ ጽፎልኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛም ዘንድ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫ አንድ ተቃዋሚና አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ሲገቡ፣ የሁለቱ ስም በሕዝብ አፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ሰው ስሙን የሚያውቀው ተወካይ ይፈልጋል። ይህ የትም አገር አንድ ነው።

ከብላክስቶክ ሮድ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ስትሄድ የሆሎወይ እስር ቤት የነበረበት ቦታ ትደርሳለህ። እስር ቤቱ በ2016 ተዘግቷል፤ ቦታው ለመኖሪያ ቤት ሥራ ተሽጧል። ከመቶ ዓመት በፊት የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች የታሰሩት እዚህ ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት እዚህ ታስራለች። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ። ምግብም ውሃም አልቀምስም ብላ ሰውነቷ እስኪያልቅ ተሰቃይታለች። በሆሎወይ ለታሰሩት ሴቶች መታሰቢያ የተሰጠውን የደረት ጌጥ የነደፈችውም እሷ ናት። በ1918 ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆኑና የተወሰነ ንብረት ያላቸው ሴቶች ተፈቀደላቸው። ከወንድ እኩል የሆኑት በ1928 ነው።

ቀሪውን የኛ ሰው ያውቀዋል። ጣሊያን ከወረረን በኋላ በ1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁማ ለዓመታት አሳተመች። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ሰበሰበች። በ1956 አዲስ አበባ ገባች። በ1960 እዚያው አረፈች፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞቹ አጠገብ ተቀብራለች። ልጅ ሆኜ ያቺን መቃብር አይቻታለሁ። ያኔ ከማን ጋር፣ የት ቦታ ታስራ እንደነበር አላውቅም። አሁን የታሰረችበት አጥር የነበረበትን መንገድ በሳምንት ሁለቴ አልፈዋለሁ። በዚህ በኩል ሳልፍ ልቤ ይሞላል። ከቁጥር ውጭ የተደረጉ ሰዎች እንዲቆጠሩ ስትል የተራበች ሴት ነች፤ እኛም ጋ የመጣችው በዚያው ልብ ነው።

ሐምሌ 4 ቀን 2024 ምርጫ ነበር። የምርጫ ጣቢያው ከጠዋቱ በእነሱ ሰባት ሰዓት ይከፈታል፣ ማታ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ፓስፖርቴን አሳየሁ፤ ከሰሜን አየርላንድ በስተቀር በዚህ አገር ጠቅላላ ምርጫ ፎቶ ያለው መታወቂያ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። በገመድ የታሰረች እርሳስ አለች። ምልክቴን አድርጌ፣ ወረቀቱን አጥፌ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ።

ስወጣ እማማን መንገዱ ላይ አገኘኋቸው። ዳቦ ገዝተው ወደ ቤት ሊሻገሩ ነው። ከየት እንደምመጣ ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«ለእኔም ጨምረህ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ሌላ ወረቀት ነው እማማ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ዕጩዎች ሌሎች ናቸው።»

ወደ ማዶ አዩ። ፈቃዳቸው ከመጣ ወዲህ ለዜግነት ለማመልከት ገንዘብ እያጠራቀሙ ነው። ለሰው ሁሉ አይናገሩትም፤ ለኔ ግን ነግረውኛል።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«ግፋ ቢል በ2029።»

ዳቦውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና በቀኝ ጣታቸው ቆጠሩ።

«እደርሳለሁ» አሉ። መብራቱ ሲበራ ክንዳቸውን ይዤ አሻገርኳቸው።